ልጅን ተከትሎ ማስተማር፦ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላለን አበሻ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

አንስኩሊንግ ሲባል ብዙ ወላጅ ዓይን ላይ የሚመጣው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ፒጃማውን ሳያወልቅ ቀኑን ሙሉ ታብሌት ላይ ተጥዶ ሲውል። እኔ የምጽፈው ስለዚያ አይደለም። የተለመደው ሆምስኩሊንግ ትምህርት ቤቱን ወደ ቤት ያመጣዋል። ያው መጽሐፍ፣ ያው ሰዓት፣ እናት ወይም አባት በአስተማሪ ቦታ። በአንስኩሊንግ ግን ትምህርቱ የሚነሣው ከልጁ ጥያቄ ነው። ዛሬ ምን እንደሚጠና በአብዛኛው የሚመርጠው ልጁ ነው።

ሐሳቡን በዚህ ስም ያስተዋወቀው ጆን ሆልት የሚባል አሜሪካዊ መምህር ነበር። ለዓመታት ክፍል ውስጥ ልጆች እንዴት እንደሚማሩና እንዴት እንደሚፈሩ ሲከታተል ቆየ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1977 ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ዛሬ እዚህ አሜሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ የሚያሳድጉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ከእኛም ሰዎች መካከል ከኮቪድ ወዲህ ነገሩን የሚጠይቁኝ በርክተዋል።

ልቤ ውስጥ ያለውን ከወዲሁ ልናገር። ልጅን መከተል የወላጁን ድካም አይቀንስም። ማስረዳት ይቀንሳል፤ ማየት፣ በር መክፈትና መጻፍ ይበዛል። በተለይ መጻፉን የዘነጋ ወላጅ ልጁ ምን እንደተማረ ራሱም አያውቅም፣ ለካውንቲውም ማሳየት አይችልም።

1. መጀመሪያ ቤት ውስጥ ተነጋገሩ

ማን ነው ቤት የሚውለው? ይህ ሳይመለስ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። የማውቃቸው ቤተሰቦች አብዛኞቹ በፈረቃ ነው የሚኖሩት። አንዱ ሌሊት ሆስፒታል ወይም ነርሲንግ ሆም ይሠራል፣ ሌላው ቀን ኡበር ይነዳል። ይህ አያስኬድም ማለት አይደለም። ግን ሌሊቱን ሠርታ ያደረች እናት ጠዋት ልጅ ተከትላ ሙዚየም ትዙር ማለት ግፍ ነው። የእንቅልፍ ሰዓቷ መጀመሪያ ይወሰን። ልጁ የሚመራው ትምህርት ከዚያ በተረፈው ሰዓት ላይ ይደልደል።

አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤት ውስጥ ያለ ጠባቂ አይተውም። ጠባቂውም እምነት የሚጣልበትና ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ስለዚህ የ10 ዓመቷ እህቱ ትጠብቀዋለች የሚለው አይሠራም።

ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚቀርበትንም አስቡ። የምሳው ነገር አለ። የእንግሊዝኛ ድጋፍ የሚያገኝ ልጅ ያንን ያጣል። አይኢፒ፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ለልጁ ያወጣው የልዩ ድጋፍ ዕቅድ፣ ያለው፣ የንግግር ቴራፒ ወይም ሌላ እርዳታ የሚያገኝ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ምኑ እንደሚቀጥልና ምኑ እንደሚቋረጥ ከካውንቲው በጽሑፍ ሳትጠይቁ እንዳትወስኑ።

ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ አትጀምሩ። በሰመር እረፍት ሞክሩት። ሁለት ወር ተኩል ያህል ያለ ምንም ወረቀት ልጁን ተከትላችሁ ማየት ትችላላችሁ። አልሆነም ካላችሁ መስከረም ሳይጠባ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ልጁንም ጠይቁት። ትምህርት ቤቱን የሚወድ፣ ጠዋት ቦርሳውን አዝሎ በር ላይ የሚጠብቅ ልጅ ካላችሁ ተዉት። ልጅን እከተላለሁ ብሎ ተነሥቶ የልጁን ፍላጎት መሻር አይሆንም። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ከዚህ መመሪያ 4ኛውንና 5ኛውን ወስዳችሁ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ብትሠሩበት ይበቃል።

2. ሕጉን ጨርሱ

ፎርም ሳታስገቡ ልጁን ማስቀረት ያለፈቃድ መቅረት ተብሎ ይመዘገባል። ደብዳቤ ይመጣል፣ ከዚያም አልፎ ፍርድ ቤት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ይቅደም።

ሜሪላንድ ከሆናችሁ፣ ሞንጎመሪም ሆነ ፒጂ (ፕሪንስ ጆርጅስ) ካውንቲ፣ የሆም ኢንስትራክሽን ማሳወቂያ ፎርም ፈርማችሁ ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብላችሁ ለካውንቲው ታስገባላችሁ። በእነዚያ 15 ቀናት ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ሕጉ መደበኛና የተሟላ ትምህርት ይላል። ስምንት የትምህርት ዓይነቶችንም ይዘረዝራል፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤና እና ስፖርት። በየትኛው መጽሐፍ፣ በስንት ሰዓት አስተምሩ አይልም። አንስኩሊንግ የሚያልፈው በዚህ ክፍተት ነው። ካውንቲው የሥራችሁን ማኅደር፣ ማለትም ፖርትፎሊዮውን፣ በዓመት ከሦስት ጊዜ ላልበለጠ ሊያይ ይችላል። ጎድሎ ካገኘ ይነግራችኋል፤ ለማሟላት 30 ቀን አላችሁ። ካውንቲው ባያየኝ ይሻለኛል የሚል ሰው ደግሞ «አምብሬላ» በሚባሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በግል ትምህርት ቤት ሥር ባሉ ተቆጣጣሪዎች መመዝገብ ይችላል። አንዳንዶቹ አንስኩሊንግን በደስታ ይቀበላሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የራሳቸውን መጽሐፍ ግዙ ይላሉ። ሳትከፍሉ ጠይቁ።

ቨርጂኒያ፣ ማለትም አሌክሳንድሪያ፣ ፌርፋክስ፣ አርሊንግተን ያላችሁ ደግሞ ማሳወቂያውን የምታስገቡት እስከ ኦገስት 15 ነው። ዓመቱ መሀል ላይ ከሆነ የወሰናችሁት፣ ወዲያው አሳውቃችሁ በ30 ቀን ውስጥ የቀረውን ታሟላላችሁ። ወላጁ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ካለው በዚያ ይበቃዋል። ዲፕሎማው ሀገር ቤት ከቀረ ወይም ከጠፋ ሌሎች አማራጮች አሉ፤ አንደኛው ልጁን በሚገባ ማስተማር እንደምትችሉ ማስረጃ ማቅረብ ነው። የትምህርት ዓይነቶቹን ዝርዝር ታያይዛላችሁ። ዝርዝር ብቻ ነው የሚፈለገው፣ ገጽ ሙሉ ዕቅድ አትጻፉ። በዓመቱ መጨረሻ፣ እስከ ኦገስት 1፣ ልጁ ለውጥ ማሳየቱን የሚገልጽ ማስረጃ ይቀርባል። ይህም በሀገር አቀፍ ፈተና 23ኛውን ፐርሰንታይል (ከ100 ተፈታኝ 23ቱን ያህል መብለጥ) ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት ነው። ወይም ደግሞ የማስተማር ፈቃድ ያለው ወይም በአንድ የትምህርት ዘርፍ ማስተርስ ያለው ሰው ልጁን አይቶ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ለአንስኩለር ልጅ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ልጁ በሴፕቴምበር 30 ገና 6 ዓመት ካልሞላው ማስረጃው አይጠየቅም።

ሌላ ቦታ ላላችሁ ባጭሩ። ቴክሳስ ልል ነው፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 የቤት ትምህርትን እንደ ግል ትምህርት ቤት ስለቆጠረው ማሳወቂያ አይጠየቅም። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ልጁ 8 ዓመት ከሞላው በየዓመቱ እስከ ሴፕቴምበር 15 ታሳውቃላችሁ። ጀርመን ያላችሁ ግን አትሞክሩት። እዚያ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታ ነው፣ ቤት ማስተማርም እንደ ምትክ አይቆጠርም። ስዊድንም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ ከልዩ ሁኔታ በቀር ዘግታዋለች። ሕግ ይለዋወጣልና ከመፈረማችሁ በፊት የካውንቲያችሁን ገጽ እዩ።

3. ልጁን አሳርፉት

ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ በመጀመሪያው ሰኞ «እሺ፣ ምን ልትማር ትፈልጋለህ?» ቢባል ግራ ይገባዋል። ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለማ። መጀመሪያ ይተኛል፣ ይሰለቻል፣ «ምን ልሥራ?» እያለ ይነተርካችኋል። ስልችቱን ቶሎ ለማጥፋት አትሩጡ፤ የልጁ ጥያቄ የሚነሣው ከስልችቱ ነው። በሆምስኩል ወላጆች ዘንድ የተለመደ ግምት አለ፦ ትምህርት ቤት ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ወር ማረፊያ። ሳይንሳዊ ስሌት አይደለም፣ ግን ወላጁን ከጭንቀት ያሳርፋል። ሜሪላንድ ያላችሁ በዚህም ወቅት ቢሆን የሚሠራውን ከመመዝገብ አትቦዝኑ። ላይብረሪ፣ መዋኛ፣ ምግብ ማብሰል፣ ሁሉም ይጻፍ።

4. ደብተር ግዙና ማየት ጀምሩ

ተራ ደብተር ይበቃል። ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ አምስት መስመር። ቀኑ፣ ልጁ ምን ሠራ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን ያህል ቆየበት፣ እናንተ ምን ጨመራችሁ። «ጥሩ ቀን ነበር» የሚል ነገር አይጠቅምም። እንዲህ ብትጽፉ ይሻላል፦

«ማክሰኞ። ሜትሮ ውስጥ ካርታውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ሬድ ላይን ለምን እንደ ዩ ይታጠፋል አለ። ቤት ሲገባ ከሻዲ ግሮቭ እስከ ግሌንሞንት ያሉትን ጣቢያዎች በወረቀት ሣለ። ሁለት ስም ተሳስቶ ጻፈ፣ ራሱ ከካርታው ጋር አስተያይቶ አረመ። አንድ ሰዓት ያህል። ነገ የእውነተኛውን ከተማ ካርታ አሳየዋለሁ።»

ይህ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ የ6 ዓመት ልጅ። እናቱ ማንበብ አስተምረው እያለች ትጨነቅ ነበር። ልጁ ግን የጣቢያዎቹን ስም አንድ በአንድ እየለየ በራሱ እያነበበ ነበር። ደብተሩን መጻፍ ስትጀምር ነው የታያት።

ስትመለከቱ የምትፈልጉት ድግግሞሽን ነው። ልጁ አንዴ የጠየቀውን ልትዘሉት ትችላላችሁ። በሦስት የተለያየ ቀን ተመልሶ የመጣበት ነገር ካለ ግን በሩ እዚያ ነው።

5. በር መክፈት

ዋናው ሥራ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልሂድበት።

ጥር ላይ፣ ብርዱ በጠናበት ጊዜ፣ እንጀራ አቡክቼ ሊጡ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ቀዝቅዞ ቀረ። የ9 ዓመቷ ልጄ ክዳኑን ከፍታ አየችና «ለምን አልቦካም?» አለች። አፌ ላይ የነበረው መልስ «ብርድ ነው» የሚል ነበር። እውነትም ብርድ ነው። ግን እንዲያ ብዬ ቢሆን ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። «አንቺ ምን ይመስልሻል?» አልኳት። ዱቄቱ መጥፎ ነው አለች። «በምን እናውቃለን?»

ሦስት ማሰሮ፣ የቲማቲም ድልህ ባዶ ጠርሙሶች ማለቴ ነው፣ አወጣች። በሦስቱም ውስጥ ከዚያው ዱቄት እኩል፣ ውሃ እኩል፣ እርሾ አንዳንድ ማንኪያ። አንዱን ጠረጴዛው ላይ፣ አንዱን ፍሪጅ ውስጥ፣ አንዱን ኦቭን ውስጥ አስቀመጠች። ኦቭኑ አልተለኮሰም፣ መብራቱ ብቻ ነው የበራው። ብዙዎቻችን በብርድ ወራት የምናደርገው ነው። ሊጡ የደረሰበት ቦታ ላይ የፀጉር ላስቲክ ጠመጠመችበት። ከዚያ ጠዋት ጠዋት እየተነሣች በማስመሪያ ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ ታሸታለች። የኦቭኑ ኩፍ ብሎ ላስቲኩን አለፈ። አረፋው በጠርሙሱ ጎን ይታያል፣ ሽታው ኮምጠጥ ያለ። ላዩ ላይ ቢጫ ውሃ አቆረ። የፍሪጁ ዝም። የጠረጴዛው በመካከል።

ዱቄቱ አንድ ነው፣ ታዲያ ጥፋቱ የዱቄቱ እንዳልሆነ ራሷ ደረሰችበት። ቀጥላ «እርሾ ውስጥ ምን አለ?» አለች። ላይብረሪ ሄድን፤ ስለ ጥቃቅን ሕዋሳት የልጆች መጽሐፍ አወጣች። አያቷ ጋ ደወለች። «እማማ፣ እርስዎ ሊጡ መብካቱን በምን ያውቃሉ?» እናቴ ስለ ሽታው፣ ስለ አረፋው፣ ከዚያም ስለ አብሲት ነገረቻት። አብሲት ለምን እንደሚጣል ልጄ ለመጠየቅ ሌላ ጥሪ አስፈለጋት። በዚያ ስልክ አማርኛ፣ ሳይንስና ምግብ ማብሰል አብረው ሄዱ።

ከዚያ አንድ ቀን ተወችው። ጠርሙሶቹን አጥባ ወደ ሌላ ነገር ሄደች። አልጎተትኳትም።

ከዚህ የሚወሰዱ የሥራ ልማዶች አሉ። መልስ ለመስጠት አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ግምቷን ጠይቁ። ግምቷ ስሕተት ከሆነ አታርሙ፤ ለመፈተን መንገድ እንዳለ ብቻ ጠቁሙ። ልጅ የጠየቀው አንድ ጭልፋ ከሆነ ድስቱን ሙሉ አትገልብጡበት። ስለ እርሾ የጠየቀች ልጅ ስለ ኬሚስትሪ የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ቢከፈትላት ሁለተኛ አትጠይቅም። ሲያበቃም ይብቃ። የጀመሩትን መጨረስ መልካም ልማድ ነው፣ ግን ለሌላ ሰው ቃል የተገባበትን ነገር ነው የሚመለከተው። የራሷን የማወቅ ጉጉት የመዝጋት መብት የራሷ ነው።

በር የሚሆኑ ቦታዎች በአካባቢያችን ሞልተዋል። የላይብረሪ ካርድ ነፃ ነው። ዲሲ ያሉት የስሚዝሶንያን ሙዚየሞች መግቢያ አያስከፍሉም። በሳምንቱ መሀል ጠዋት ብትሄዱ ጭር ያለ ነው። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ የሚያሳየው አዳራሽ ለእኛ ልጆች ልዩ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ የማን ሀገር ልጅ እንደሆነች ይነገራቸው፣ ከዚያ ጥያቄውን እነሱ ይቀጥሉት። አንድ ምክር፦ በአንድ ጉብኝት አንድ አዳራሽ ብቻ። ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁ ደክሞት እናንተ ተናድዳችሁ ትመለሳላችሁ።

ሰዎችም በር ናቸው። የመኪና ጋራዥ ያለው አጎት፣ ልብስ የምትሰፋ አክስት፣ በገና የሚደረድር የቤተ ክርስቲያን ሰው። ልጁ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይይ። ሀገር ቤት ሱቅ ጠባቂ ሆኖ ያደገ ልጅ መልስ መቁጠርን ከማን እንደተማረ እናውቃለን።

6. ንባብና ሒሳብ

ንባብ ላይ ታገሡ፣ ግን ዓይናችሁን ግለጡ። በዚህ መንገድ ከሚያድጉ ልጆች አንዳንዱ በ4 ዓመቱ ያነባል፣ አንዳንዱ 8 ወይም 9 ድረስ ይቆያል። ከዚያ ይደርሳል። እስከዚያው በየቀኑ አንብቡለት። ግን ልጁ መጽሐፍ ይወዳል፣ ማንበብ ይፈልጋል፣ ፊደላቱ ግን እየተምታቱ እንባ እንባ ይለዋል እንበል። ያኔ ትዕግሥት መልስ አይሆንም። ዓይኑን አሳዩ፣ ዲስሌክሲያም (ፊደልና ቃል ማንበብን የሚያስቸግር ሁኔታ) ይታይ። ቤት የሚማር ልጅ ቢሆንም እንኳ ካውንቲው እንዲመረምረው በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሒሳብ ላይ ከብዙ አንስኩለሮች ጋር አልስማማም። እነሱ ሒሳብ ከኑሮ ይመጣል ይላሉ። መደመርና መቀነስ፣ ገንዘብ፣ ሰዓት፣ ልኬት እውነትም ይመጣል። አልጀብራ ግን ከኩሽና አይመጣም። ፒተር ግሬይና ጂና ራይሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በአንስኩሊንግ ያደጉ 75 ጎልማሶችን ጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ በአስተዳደጋቸው ደስተኞች ናቸው፣ ብዙዎቹም ከፍተኛ ትምህርት ገብተዋል። መላሾቹ በገዛ ፈቃዳቸው የመጡ ስለሆኑ ውጤቱን ለሁሉም ልጅ ዋስትና አድርጌ አልወስደውም። ስለዚህ እኔ ቤት ከ9 ዓመት ጀምሮ ስምምነት አለ። በቀን 20 ደቂቃ ሒሳብ አይቀርም። መጽሐፉን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ግን ልጄ ትመርጣለች። ጠረጴዛው ሥር ተኝታ ብትሠራም ግድ የለኝም።

7. ስክሪን

እ.ኤ.አ. በ2012 የተሰማ አንድ ነገር አለ፣ የእኛው ሀገር ነው። ወንጪ አካባቢና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ለማያውቁ ልጆች ታብሌት ተሰጣቸው። አስተማሪ አልተላከም። ልጆቹ አብርተው ከፈቱት፣ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን መዝፈን ጀመሩ። ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር ከፈቱ።

ብዙ ሰው ይህንን ታሪክ «ታብሌት ይበቃል» ለማለት ይጠቅሰዋል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ልጆቹ አንድ ላይ ነበሩ። አንዱ ያገኘውን ለሌላው እያሳየ፣ እየተሻሙና እየተጯጯሁ። ታብሌቱም ለትምህርት ተብሎ የተሞላ ነበር። የእኛ ልጅ መኝታ ቤቱን ዘግቶ ብቻውን ዩቲዩብ ሾርትስ ሲገፋ ከዚያ ጋር አይገናኝም። የእኔ ደንብ፦ ስክሪን ሳሎን ይሁን። ልጁ የሚሠራበት ከሆነ፣ ማለትም ኮድ የሚጽፍበት፣ ቪዲዮ የሚቆርጥበት፣ የጠየቀውን የሚፈልግበት፣ ሰዓት አልቆጥርም። የሚያይበት ብቻ ከሆነ እቆጥራለሁ።

8. አማርኛውን በዚሁ መንገድ

231ዱን ፊደል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «ሀሁ በይ» ማለት ለአንዳንድ ልጅ ይሠራል። ላልሠራለት ልጅ ምክንያት ፍጠሩለት። ስሙን፣ የእህቱን ስም፣ የሚወደውን ምግብ ስም መጀመሪያ ይጻፍ። ሰባቱ ቤቶች ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ለአያቱ በቫይበር ወይም በዋትስአፕ መልእክት ይላክ፤ አያት ደግሞ በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ይመልሱ። መልሱን ለማንበብ ሲል ፊደሉን ያሳድደዋል። የበርበሬና የሽሮ ዕቃዎቹን ስም እሱ ይለጥፍ። እሱ በእንግሊዝኛ ሲያወራችሁ እናንተ በአማርኛ መልሱ፣ ግን በየቃሉ አታርሙ።

9. ፖርትፎሊዮውን አዘጋጁ

በየወሩ አንድ ማታ መድቡ። ደብተሩን ገልጡ፣ በስምንቱ የትምህርት ዓይነት ስም ስምንት ክላሰር ወይም ፎልደር ይኑር። የልጁን ወሬ ካውንቲው ወደሚያውቀው ቋንቋ ትመልሱታላችሁ። የእንጀራው ነገር እንዲህ ይገባል፦ የሦስቱ ጠርሙስ ልኬትና ሥዕል ሳይንስ ውስጥ፤ ዱቄትና ውሃን በሬሾ መለካት፣ በየቀኑ የተለካው ግራፍ ሒሳብ ውስጥ፤ በገዛ እጇ የጻፈችው ገጽ፣ ከነስሕተቱ፣ እንግሊዝኛ ውስጥ፤ ጤፍ የት ይበቅላል የሚለው ካርታ ሶሻል ስተዲስ ውስጥ፤ የእጅ መታጠብና የምግብ ንጽሕና ጤና ውስጥ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙርና ከበሮ ሙዚቃ ነው። እስክስታ፣ ኳስ፣ ዋና ስፖርት ነው።

ለእያንዳንዱ ዓይነት በወር ሁለት ሦስት ማስረጃ ይበቃል። ቀን ይጻፍበት። ፎቶ፣ የላይብረሪ የመጽሐፍ ዝርዝር፣ የሙዚየም ወረቀት፣ የልጁ ሥዕል። ሥራውን አስተካክላችሁ አትገልብጡት፤ ገምጋሚው ማየት የሚፈልገው በሴፕቴምበር የጻፈችውና በማርች የጻፈችው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በግምገማው ቀን ረጋ ብላችሁ የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ። ስለ አንስኩሊንግ ፍልስፍና ማስረዳት አያስፈልግም። ባዶ የቀረ ፎልደር ካለ፣ ብዙ ጊዜ ሙዚቃ ወይም ጤና ነው፣ ከግምገማው በፊት ባለው ወር አስቡበት።

10. ዘመድ ሲጠይቅ

«ሀገር ጥለን የመጣነው ልጆቻችን እንዲማሩ አይደል እንዴ?» ይህን ያልሰማ የለም። ጥያቄው ከፍቅር ነው የሚመጣው፣ በክርክር አትመልሱት። ብዙ አባቶቻችንና እናቶቻችን ትምህርት ቤት ለመድረስ በባዶ እግር የተጓዙ ናቸው። ትምህርት ቤት መተው ለእነሱ ኪሳራ ነው። ፎልደሩን አውጡና አሳዩአቸው፤ ልጁ ራሱ ያስረዳቸው። እናቴ ዝም ያለችው ልጄ ስለ እርሾ ሕዋሳት በአማርኛ ልትነግራት ስትንተባተብ በሰማች ቀን ነው።

«ብቻውን ያድጋል» የሚለው ግን እውነተኛ ስጋት ነው፣ በተለይ አንድ ልጅ ላላችሁ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቋሚ ቀጠሮ ይኑረው፦ የሆምስኩል ኮኦፕ (ወላጆች ተሰባስበው ልጆቻቸውን አብረው የሚያስተምሩበት ቡድን)፣ የስፖርት ቡድን፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የመስጊድ ትምህርት። «ሲመቸን እንሄዳለን» ከሆነ ብርዱ ሲመጣ ሁሉም ይቀራል።

11. 14 ዓመት ሲደርስ

ከዚህ በኋላ ወረቀቱ ይከብዳል። ሜሪላንድ ልጁ ቤት ስለተማረ ብቻ የግዛቱን ዲፕሎማ አትሰጥም። መንገዶቹ ሌሎች ናቸው። ጂኢዲ፣ ማለትም ትምህርት ቤት ላልጨረሰ ሰው የሚሰጠው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና፣ አራት ፈተና ነው፦ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስና ሶሻል ስተዲስ፤ በእያንዳንዱ ማለፊያው 145 ነው። የኮሌጅ መግቢያ ፈተናውን ኤስኤቲን ማንም መውሰድ ይችላል። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገና በ16 ዓመቱ አካባቢ ኮርስ መውሰድ ከጀመረ ደግሞ የኮሌጁ ውጤት ራሱ ይናገርለታል፤ ለእኔ ይሄኛው ከሁሉም ይበልጣል። ትራንስክሪፕቱን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፦ የኮርሱ ስም፣ ዓመቱ፣ የተጠቀመበት መጽሐፍ፣ ውጤቱ። ከ9ኛ ክፍል ዕድሜው ጀምሮ በየዓመቱ መጨረሻ ጻፉት፤ አራት ዓመት ተጠራቅሞ ከሆነ ማስታወስ ጭንቅ ነው። ወደ ሀገር ቤት የመመለስ ሐሳብ ካላችሁ የክፍል ደረጃን የሚያሳይ ሕጋዊ ወረቀት ስለሚጠየቅ፣ በተቆጣጣሪ አምብሬላ ሥር ሆኖ የክፍል ሪፖርት ማግኘቱን ቀደም ብላችሁ አስቡበት።

እነዚህን አማራጮች ልጁ ፊት አድርጉለት፣ እሱ ይምረጥ። ትምህርት ቤት ልመለስ ካለም ይመለስ። ካውንቲው ይቀበለዋል፤ የየትኛው ክፍል ተማሪ እንደሚሆን ለመወሰን ፎልደሩን ሊያይ ወይም ሊፈትነው ይችላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ደብተርና የሒሳብ መጽሐፉን ይዛችሁ ሂዱ፣ ለምዝገባም ከኦገስት መጀመሪያ በፊት ደውሉ።